«በቃኝ» አትበሉ፦ ከሐዋሳ ወደ ጀርመን ለልውውጥ ለሚሄድ ተማሪ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

እኛ ቤት ምግብ ሲቀርብ እንግዳ መጀመሪያ «በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል። ጋባዡም ይህን ያውቃልና «ኧረ በሞቴ» ብሎ ይጨምራል፤ ሦስተኛው ልመና ላይ መብላት ይጀመራል። ጀርመን ውስጥ «ናይን፣ ዳንከ» ያለ ልጅ አልፈልግም ብሏል ማለት ነው። ሳህኑ ይነሳል፣ ማቀዝቀዣው ይዘጋል፣ ልጁ ሆዱ እየጮኸ ይተኛል። እናትየው ደግሞ ምግቤን አልወደደውም ብላ ታዝናለች። ለልውውጥ ሄደው ጀርመን ቤተሰብ ጋር የሚያርፉ ልጆቻችንን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያስቸግራቸው አብዛኛው ነገር እንዲህ ያለ ነው። ብርዱንም ቋንቋውንም ይለምዱታል፤ ይሉኝታው ግን አብሯቸው ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል።

ሆኖም ከማዕዱ በፊት ወረቀቱ አለና በእሱ እንጀምር።

ስም፣ ቀን፣ ክትባት

ፓስፖርታችሁን ግለጡና ስማችሁ በየትኛው መስመር ላይ እንዴት እንደተከፋፈለ አንብቡ። ጀርመኖች ሁሉም የቤተሰቡ አባል የሚጋራው «ናኽናመ» የሚሉት የቤተሰብ ስም አላቸው። እኛ ያለን የአባት ስም ነው። በዚህ የተነሳ የእናት፣ የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም ሦስቱም ይለያያል፤ ጠረጴዛው ወዲያ ላለው ሠራተኛ ሦስታችሁ አንድ ቤተሰብ አትመስሉትም። መፍትሔው ቀላል ነው። የተተረጎመ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ወላጆች የፈረሙትና ውልና ማስረጃ ያረጋገጠው የፈቃድ ደብዳቤ ከነትርጉሙ ያዙ። ዋናው በእጅ ሻንጣ፣ ኮፒው በትልቁ ሻንጣ፣ ፎቶው በስልክ ይሁን። ትኬት፣ ኢንሹራንስ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ ባለበት ቅደም ተከተልና የፊደል አጻጻፍ ይጻፍ፤ አንድ ቦታ «ሐዋሪያት» በአንድ ዓይነት፣ ሌላ ቦታ በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል ከተጻፈ ለእነሱ ሁለት ሰው ነው። ትምህርት ቤት የገባችሁ ቀን ደግሞ መጠሪያ ስማችሁ የትኛው እንደሆነ ተናገሩ። አለበለዚያ መምህሩ ዓመቱን ሙሉ በአባታችሁ ወይም በአያታችሁ ስም ይጠራችኋል፤ እናንተም አፍራችሁ «አቤት» እያላችሁ ትኖራላችሁ።

የልደት ቀንን ስትመልሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ደምሮ መተው አይበቃም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ የእነሱ ጃንዋሪ ከገባ በኋላ 8 ይሆናል። ቀኑና ወሩም ይቀየራል፦ ጥር 5 ቀን 2001 የተወለደ ልጅ በእነሱ አቆጣጠር የተወለደው ጃንዋሪ 13 ቀን 2009 ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ስህተት ቢሆን እንኳ ቅጽ ላይ የሚጻፈው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው። ማረም ካለባችሁ ቪዛ ከመጠየቃችሁ በፊት አርሙት።

ብዙዎች የሚዘነጉት የኩፍኝ ክትባት ነው። እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2020 ጀምሮ ጀርመን ውስጥ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ ኩፍኝን የሚከላከል መሆኑን በማስረጃ ማሳየት አለበት፤ በተለምዶ ሁለት ጊዜ የተወሰደ ክትባት ማለት ነው። የሕፃንነት ክትባት ካርዳችሁ ከጠፋ ወይም አንድ ዙር ብቻ ከተጻፈበት በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ስትከተቡ የክትባቱ ስምና ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በእንግሊዝኛ፣ ከማኅተም ጋር ይጻፍላችሁ። ያለ ማኅተም የመጣ ወረቀት ዋጋ የለውም፤ ድጋሚ መርፌ ትወጋላችሁ።

ሻንጣው

ወፍራም ጃኬት ሐዋሳ ላይ አትግዙ። እዚህ «የክረምት» ተብሎ የሚሸጠው ለእኛ ሐምሌ የሚሆን ነው፤ እዚያ ያገለገለ ልብስ በጥሩ ዋጋ ይገኛል፣ ቤተሰቡም ብዙ ጊዜ ከጓዳው ያወጣል። ከዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሹራብ፣ አንድ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ካልሲና የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ነው፤ በብዙ ቤት ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ለቻርጀር መቀየሪያ አያስፈልጋችሁም፤ እኛ ጋ ያለው ባለ ሁለት ክብ ጥርስ መሰኪያ እዚያም ይገባል፣ የኤሌክትሪክ መጠኑም ተመሳሳይ ነው።

ስለ ምግብ ጥንቃቄ አድርጉ። የአውሮፓ ኅብረት ከእኛ አገር በግል ሻንጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ይከለክላል። ስለዚህ ቋንጣ፣ ቅቤ፣ አይብ አይሄድም። እናት «ትንሽ ናት፣ በልብስ ጠቅልዬዋለሁ» ብትልም አይሄድም። ጉምሩክ ላይ ይወረሳል፣ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል። የእኛ የሲዳማ የቆጮ ምግብ ቡርሳሜ ያለ ቅቤ ምኑ ቡርሳሜ ነው፤ ስለዚህ እሱን እዚሁ ጠግባችሁ ሂዱ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የተቆላ ቡና፣ ቅቤ ያልነካው ዳቦ ቆሎ ችግር የለባቸውም። ሽሮና በርበሬ በድርብ ፕላስቲክ ታስሮ ስሙ በእንግሊዝኛ ይጻፍበት፤ ስም የሌለው ቀይ ዱቄት ጥያቄ ያስነሳል።

ፀጉራቸው ረጅም የሆነ ሴቶች ከመሄዳቸው ሁለት ቀን ቀደም ብለው ይሠሩ። አራት አምስት ሳምንት የሚቆይ ሹሩባ የመጀመሪያውን ወር ያሻግራል። የእኛን ፀጉር የሚያውቅ ፀጉር ቤት በትልልቅ ከተሞች እንጂ በትንንሾቹ እምብዛም አይገኝም፣ ሲገኝም ውድ ነው። የፀጉርና የሰውነት ቅባት ለሁለት ወር የሚበቃ ያዙ፤ የማሞቂያ አየር ቆዳ ያደርቃል።

ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና የምትሄዱ ከሆነ ከበረራው አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። መንገድ ቢዘጋ ወይም ጎማ ቢፈነዳ አውሮፕላን አይጠብቅም።

የመጀመሪያው ምሽት

በሰዓት አቆጣጠር የሚለየን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ የእንቅልፍ መዛባት አያስቸግርም። ሌሊቱን በርራችሁ ከሆነ ግን ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አትተኙ። ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ሻንጣ ውስጥ ካለው ስጦታ ጋር የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይዛችሁ ቅረቡ። ወረቀት ላይ ጻፏቸው፣ መልሱንም እዚያው ጻፉ፤ ይህን ያህል ጥያቄ መጠየቅ እዚያ ብልግና አይደለም፣ ደስ ይላቸዋል።

እራት በስንት ሰዓት ነው? ቀርቼ ካመሸሁ ለማን፣ በስንት ሰዓት ቀድሜ ልንገር? ከማቀዝቀዣው ሳልጠይቅ መውሰድ የምችለው የቱን ነው? ጠዋት ሻወር ቤቱ የማን ተራ ነው፣ ለስንት ደቂቃ? ልብሴ የሚታጠበው መቼ ነው? የውስጥ ልብሴን ራሴ ማጠብ እፈልጋለሁ፣ የት ላስጣ? ኢንተርኔት ማታ ይዘጋል ወይ? የቤት ሥራ ድርሻዬ ምንድን ነው?

የመጨረሻዋን አትዝለሏት። እኛ ቤት እንግዳ ሳህን ቢያነሳ «ተቀመጥ!» ይባላል። እዚያ ግን እናንተ እንግዳ አይደላችሁም፣ የቤት ልጅ ናችሁ። ሳህን ማንሳት፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን ባዶ ማድረግ፣ ቆሻሻ ማውጣት ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ይጠበቅባችኋል፤ «እርዳኝ» ብሎ የሚጠራችሁ ላይኖር ይችላል። ቆሻሻው ይለያያል፦ ማሸጊያና ፕላስቲክ ብዙ ቦታ ቢጫ፣ ወረቀት ሰማያዊ፣ የምግብ ትርፍራፊ ቡናማ፣ የቀረው ጥቁር ወይም ግራጫ። የውኃና የለስላሳ ባዶ ጠርሙስ ግን አትጣሉ። ለአብዛኛው ሲመለስ የሚሰጥ የመያዣ ገንዘብ ተከፍሎበታል፤ አንዴ ብቻ የሚያገለግለው ፕላስቲክ ሱፐርማርኬት ባለ ማሽን ሲመለስ 25 የዩሮ ሳንቲም ይሰጣል።

መስኮት፣ ማሞቂያ፣ በር

ትንሽ ይመስላል፤ ከቤተሰቡ ጋር የመጀመሪያው ቅያሜ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

የጀርመን መስኮት አንድ እጀታ አለው፣ ሦስት ቦታ ይቆማል። ወደ ታች ሲያይ ተቆልፏል። አግድም ሲሆን እንደ በር ይከፈታል። ወደ ላይ ሲዞር ከታች ተይዞ ከላይ ብቻ ጋደል ይላል። እጀታው የሚዞረው መስኮቱ ከክፈፉ ጋር ገጥሞ ሳለ ብቻ ነው። ተከፍቶ እያለ ወደ ላይ ካዞራችሁት የላይኛው ማጠፊያ ይለቅና መስኮቱ ተገንጥሎ ሊወድቅባችሁ ይመስላል። አትደንግጡ፣ አይወድቅም፤ ከታች ተይዟል። በአንድ እጅ ደግፋችሁ በማጠፊያው በኩል ያለውን የላይኛ ጫፍ ወደ ክፈፉ ግፉት፣ እጀታውን ወደ አግድም መልሱት፣ ከዚያ ዝጉት።

ማሞቂያው ጎን ላይ ከ1 እስከ 5 የተጻፈበት ማዞሪያ አለ። 3 ማለት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። 5 ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያሞቀውም፤ ክፍሉ ከሚገባው በላይ እስኪሞቅ ድረስ እንዳይቆም ብቻ ያደርገዋል፣ ሂሳቡንም ያንረዋል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ማዞሪያውን ዘግታችሁ መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ክፈቱ፣ ከዚያ ዝጉና ማሞቂያውን መልሱ። ብርድ ነው ብላችሁ ሳትከፍቱ ከሰነበታችሁ ከትንፋሽና ከሻወር የሚወጣው እርጥበት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፍና ማዕዘኑ ይሻግታል። ሐዋሳ ላይ ቤቱ በየቀዳዳው ራሱ ይተነፍሳል። እዚያ መስኮት ሲዘጋ ጥርቅም ነው፤ ካልከፈቱት አየር አይገባም። ጋደል አድርጎ ከነማሞቂያው ቀኑን ሙሉ መተው ደግሞ ገንዘብን በመስኮት መወርወር ነው።

በሩ ከውጭ በኩል የሚዞር እጀታ የለውም። ነፋስ ከዘጋው ያለ ቁልፍ አይከፈትም፣ ቁልፍ ሠራተኛ መጥራት ደግሞ ውድ ነው። ቆሻሻ ለመጣል ስትወጡም ቁልፍ በኪስ ይሁን። አፓርታማ ውስጥ ከሆናችሁ ቁልፍ መጣል ከዚህም ይብሳል፤ አንድ ቁልፍ ሁሉንም የጋራ በር የሚከፍት ከሆነ የሕንፃው ቁልፎች በሙሉ ሊቀየሩ ይችላሉ።

ሽንት ቤት ወረቀቱ መቀመጫው ውስጥ ይጣላል፣ ወንዶችም ተቀምጠው ይሸናሉ፣ ብሩሹ ጎን ላይ የቆመው ለእናንተ ጭምር ነው። የቧንቧ ውኃ ይጠጣል።

ማዕድና ንግግር

አራት ዓረፍተ ነገር ከሐዋሳ ሳትነሱ በቃላችሁ ያዙ። «ያ፣ ገርነ» ማለት እሺ፣ ደስ ይለኛል ነው። «ኖኽ አይን ቢስሸን፣ ቢተ» ትንሽ ጨምሩልኝ። «ቢተ ላንግዛመር» እባክዎ ቀስ ብለው። «ዳስ ሀበ ኢሽ ኒሽት ፈርሽታንደን» ይሄ አልገባኝም። የመጨረሻዋ ከሁሉም ትበልጣለች። ሳይገባን «እሺ» ማለት ለእኛ አክብሮት ነው፤ እዚያ «እሺ» ያለ ሰው ተስማምቷል፤ ካላደረገው ዋሽቷል።

አየር ወደ ውስጥ ስበን «እህ» የምንለውን አዎንታ አስቡት። ጀርመናዊ ሲሰማው የደነገጣችሁ ወይም ትንፋሽ ያጠራችሁ ይመስለዋል። ቅንድብ ማንሳትም አይገባውም። በቃል «ያ» በሉ። ትልቅ ሰው ሲናገር መሬት መሬት ማየትም እዚያ መደበቅ ይመስላል፤ ዓይኑን ለማየት ከከበዳችሁ በቅንድቦቹ መካከል ያለውን ቦታ እዩ፣ ልዩነቱን አያውቅም።

አባትየውን በስሙ መጥራት መጀመሪያ ያንቃል። እነሱ ግን ራሳቸው ስማቸውን ነግረው «ዱ» በሉን ይላሉ፤ የእኛ «አንተ» እና «አንቺ» ማለት ነው። መምህር፣ ሐኪም፣ የቢሮ ሠራተኛ «ዚ» ነው፣ እንደ «እርስዎ»። ከተምታታባችሁ በ«ዚ» ጀምሩ።

እራት በብዙ ቤት ቀዝቃዛ ነው፦ ዳቦ፣ አይብ፣ የተቆራረጠ ሥጋ፣ ቲማቲም። ትኩስ ምግብ የሚበላው ምሳ ላይ ነው። ይህን ያላወቀ ልጅ ምሳውን በትንሹ ነክቶ እራት እየጠበቀ ይራባል። የአሳማ ሥጋ የማትበሉ ከሆነ «ካይን ሽቫይነፍላይሽ» በሉ፤ ብዙው ቋሊማ አሳማ ስላለበት ሁልጊዜ ጠይቁ።

ጾም ለሚጾሙ ቃሉ «ቬጋን» ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት። «ቬጌታሪሽ» ካላችሁ አይብና እንቁላል ይቀርብላችኋል። ረቡዕና ዓርቡን፣ ዐቢይ ጾምንና ሌሎቹን በፈረንጅ ቀን ጽፋችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ስጧቸው። ከሁሉም በላይ የገና ጉዳይ ቀድሞ ይነገር፦ የእነሱ ትልቁ ድግስ ዲሴምበር 24 ማታና በተከታዮቹ ሁለት ቀናት ነው፣ እኛ ግን ያኔ ከኅዳር 15 የጀመረው የነቢያት ጾም ውስጥ ነን። ዳክዬው ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ «እጾማለሁ» ማለት ሁሉንም ያሳፍራል፤ በኖቬምበር ከተናገራችሁ ግን ቀድመው ያስቡላችኋል።

ቢሮ፣ ሰዓት፣ መንገድ

ቤት ከገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ አድራሻችሁን ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ «አንመልዱንግ» ይሉታል። ፓስፖርትና የቤቱ ባለቤት ወይም አከራይ «እዚህ ይኖራል» ብሎ የፈረመበት ቅጽ ይዛችሁ ከቤተሰቡ አንዱ ጋር ትሄዳላችሁ። የሚሰጣችሁ ወረቀት እንደ ቀበሌ መታወቂያ ነው፤ ለመኖሪያ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ለባንክም ብዙ ጊዜ። የቪዛችሁን ማብቂያ ቀን ዛሬውኑ እዩት። የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀጠሮ ለማግኘት ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ገና በደረሳችሁበት ሳምንት ጠይቁ። የኢትዮጵያ ሲም ካርዳችሁን አትጣሉ፤ የባንክና የቴሌብር ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በእሱ ነው።

ሰዓት ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ነው፣ እሱን ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው «ሃልብ አኽት» ነው። ቃል በቃል «ግማሽ ስምንት» ይመስላል፤ እኛ ስምንት ተኩል ብለን እንሰማዋለን። ትርጉሙ ግን ስምንት ለመሆን ግማሽ ሲቀረው፣ 7፡30 ነው። በዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ ትዘገያላችሁ።

አውቶቡስና ባቡር ላይ ትኬት መግዛት ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ቦታ ትንሿ ማሽን ውስጥ ከትቶ ማስመታት ያስፈልጋል። ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ይቆጠራል፣ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው። ብስክሌት ላይ የሐዋሳ ልጅ ብልጫ አለው፣ ግን የባጃጅ መንገድ ልማድ እዚሁ ይቅር፦ በቀኝ በኩል ብቻ፣ ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት፣ ስትታጠፉ እጅ መዘርጋት። ምልክት የሌለው መስቀለኛ ላይ ከቀኝ የሚመጣው ቅድሚያ አለው።

ትምህርት ቤት ውጤት ከ1 እስከ 6 ነው፤ 1 ከሁሉ ይበልጣል። እጅ አውጥቶ መናገር ራሱ ማርክ አለው። ጽፎ ጎበዝ የሆነ ዝምተኛ ልጅ ውጤቱ ይወርዳል፤ በየክፍለ ጊዜው አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ወስኑ፣ ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ ጀምሩ። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። ለአደጋ 112፣ ለፖሊስ 110 ይደወላል።

ሦስተኛው ሳምንት ገደማ

አዲስነቱ ሲያልቅ ናፍቆት ይመጣል። ልጆች ያኔ ክፍላቸውን ዘግተው ከሐዋሳ ጋር በስልክ ያመሻሉ። በር መዝጋታችሁ ለእነሱ «ተዉኝ» ማለት ነው፣ ማንም አያንኳኳም። የቤት ሥራችሁን ሳሎን ወይም ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሥሩ። ወደ ቤት የምትደውሉበትን በሳምንት ሁለት ቀን ወስኑ። እዚያ ማታ 19፡00 በበጋቸው እኛ ጋ ምሽት 2 ሰዓት፣ ከኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ በኋላ ደግሞ ምሽት 3 ሰዓት ነው። መብራት ወይም ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል «ካልተገናኘን በነጋታው በዚያው ሰዓት» ብላችሁ ከእናት ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ፤ አለበለዚያ ሁለታችሁም ሌሊቱን በሐሳብ ታድራላችሁ። ከቤተሰቡ ጋር ካልተስማማችሁ ፕሮግራሙ የመደበላችሁ ተጠሪ አለ። ለእሱ መናገር ወሬ ማመላለስ አይደለም፣ ሥራው ነው።

በዚህ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍሉላቸው። ጀርመን ውስጥ መኝታ ክፍልና መተላለፊያ ጣሪያ ላይ የጭስ ጠቋሚ አለ፤ ቡና ሲቆላ ወይም ዕጣን ሲጨስ ይጮኻል፣ ጎረቤት ሳይቀር ይወጣል። ቡናውን በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ቁሉት፣ በረንዳ ከሌለ የተቆላውን ብቻ አፍሉ። ጠቋሚው ከጮኸ መሃሉ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫኑ፣ መስኮት ክፈቱ። አቦሉን ስትቀዱ ገና ቶናና በረካ እንዳለ ንገሯቸው፤ አለበለዚያ ከመጀመሪያው ስኒ በኋላ ተነስተው ይሄዳሉ። ሁለተኛው ላይ «ናይን፣ ዳንከ» ካሉ ግን አትለምኗቸው። እውነታቸውን ነው።